በጉማሬው ስም

ጋሽ ባሪሶ ዳማ ሲጫወት እጁ አይቸኩልም፤
ቆርኪውን ነክቶ ሐይቁን ያያል፤ ነክቶ አያነሳም።
አሞራ ገደል፣ ከዓሣ ሻጮቹ ጀርባ፣ ከዋርካው ሥር፣
አባ ኮዳው እንደ ቦዘነ ዳኛ ባጠገባችን ሲዞር፣
እኔ ሦስቴ አስቤ፣ ሦስቴ ተናድጄ፣ ስቁነጠነጥ፣
እሱ አንዲት ቆርኪ ይገፋል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይደነግጥ።

ስልኩ ላይ ዳማ የከፈትኩለት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፤
ስም ምረጥ ብለው፣ «ጉማሬ በለኝ» አለ፣ «ልጄ፤
ቀን ውኃ ውስጥ ነው፣ አይታይም፤ ጆሮው ብቻ ከላይ፤
ሲወጣ ግን መሬት ታውቀዋለች፣ ሰው እንኳ ባያይ።»
የምስጢር ቁጥሩንም እኔው ሞላሁ፤ እሱ ምን ቸገረው?
ሰው ያመነ ሰው ቁልፍ ምን ያደርግለታል፣ ምኑን ሊቆልፈው?

ሐምሌ ላይ ሳንባው ከዳውና ሪፈራል ተኛ፤
ስልኩ ሱቄ ቀረ፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ፣ ያለ እረኛ።
መስታወቱን ቀየርኩ። ልሞክረው ብዬ ነካሁት።
«ተራህ ነው» አለ። የማን ተራ? አልጠየቅኩትም፤ ገፋሁት።

ለእሱ ብዬ ነው፣ ብዬ ነበር፦
«ሲድን ቁጥሩ ወርዶ እንዳያገኘው፣ እንዳያፍር።»
ውሸት። በላሁ፤ ጣመኝ፤ ደገምኩ፤
አንድ ሺህ ስምንት መቶን በሱ ስም አለፍኩ።
ከጅማ አንዱን፣ ከድሬ አንዱን፣ ከመቐለ ወንድማማቾች፣
አሥራ አንድ ሰው በላሁ፤ በሱ ስም፣ በኔ ጣቶች።

አዳማ ላይ ግን ሶሬቲ አለች፣ ልብስ ሰፊ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ለጋሽ ባሪሶ አንዴ ተሸናፊ፣ አንዴ አሸናፊ።
ሰባተኛው እርምጃ ላይ ቆመች። ቆየች። ከዚያም ጻፈች፦
«ጉማሬ፣ አሞሃል እንዴ?» በቃ፣ ይኽንኑ አለች።
ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፤ ክስ ቢሆን እክድ፤
ይኼ ግን በየት በኩል ይካዳል? በየት ይኬድ?
እሱ በዚያች ሰዓት ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ነው፤
እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ደህና ነኝ! ማነው ደህናው?
ከዚያ የከበደ ቆርኪ ገፍቼ አላውቅም።
እሷም «ለማንኛውም ይማርህ» ብላ ወጣች፤ አልጨረሰችም።

ነሐሴ ሲያልቅ ወጣ። ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት፣
በባጃጅ መጣ፤ ስልኩን ተቀበለኝ፤ ቁጥሩን አይቶት
ዝም አለ። ሐይቁን አየ። እኔ ምርቃት ስጠብቅ፣
አባ ኮዳው የዓሣ አንጀት ከውሻ ጋር ሲናጠቅ፣
እንዲህ አለኝ፦ «እንዳበላኸኝ አትቁጠረው፤
በኔ አፍ ጎረስህ እንጂ መች አጎረስኸኝ? ሆዴ ባዶ ነው።»

«እመልሰዋለሁ» አልኩ። «አሥራ አንዴ ልሸነፍ፣ ይውረድ ቁጥሩ።»
ሳቀ፤ ሳል ቀደመው። «ያም ውሸት፣ ይኼም ውሸት፤ ስንት ነው በሩ?
ቁጭ በል፣ ጻፍ። ለአሥራ አንዱም፣ ለእያንዳንዱ በስሙ፤
‹እኔ አልነበርኩም፣ ልጁ ነበር፣ ይቅር በሉን› በል፤ አይሞቱም ቢሰሙ።»

ጻፍኩ። የጅማው ሰደበኝ፣ እናቴን ሳይቀር ጠርቶ።
ከወንድማማቾቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ዘጋኝ፣ ስሙን አጥፍቶ።
የድሬው እስከ ዛሬ አልመለሰም፤
ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው፤ የሰደበኝ አይደለም።

ሶሬቲ የጻፈችው ሱቁን ስዘጋ ነው፣ ማታ፤
አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም፣ እንደሷ ጨዋታ፦
«አውቄዋለሁ። እሱ ሊበላኝ ሲል ይዘገያል፣ እንደሚያሳዝነው ነገር፤
አንተ እንደራበው ትጎርሳለህ። ስፌት ነው የለመድኩት፤ እጅ ይታወቀኛል፣ በአንድ ክር።
እሱን ይማረው። አንተ ደግሞ ስም የለህም እንዴ?
በስምህ ና፤ ብትሸነፍም ያንተ ይሁን፣ አንዴ።»

መስከረም ነው። አዲስ ስም ከፈትኩ፦ ዱካሞ። የኔው ስም።
ከጎኑ ዜሮ ድል ተጽፏል። ማንም አያውቀኝም።
ጋሽ ባሪሶ እዚሁ ዋርካው ሥር በቆርኪ ሦስቴ በልቶኝ፣
«ቆይ፣ ቆይ፣ ነክተህ ተወው» ይላል፣ እጄን መትቶኝ።
አዳማ ላይ የስፌት መኪናዋ ቆሞ ይሆናል፤
ስልኬ «ተራህ ነው» ይላል።

ገና አልገፋሁም።
ሐይቁን አያለሁ።