መጣፍ

ቦርባላ እባላለሁ። ሙያዬ ስፌት ነው።
ከቡዳፔስት ወጣ ብሎ፣ ድሮ ስኳር ፋብሪካ በነበረው፣
ዛሬ ግንብ በእንጨት ቆሞ አረፋ ድንጋይ በሚመስለው፣
ሰባት ወር ለንጉሥ ሰፋሁ፣ አስቀድሜ ለማውቀው።

አስቀድሜ ማለቴ፣
ኦዶን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ባለቤቴ፣
ሌሊት ሌሊት ሳነብለት፣ ካልጋው ጎን ተቀምጬ፣
ያንን ወፍራም መጣፍ፣ እንባዬን ውጬ።
ዘንዶው ጋ ስንደርስ ያንቀላፋል፤
ንጉሡ ክርኑን ሲዳስስ ግን፣ «ቆይ፣ ድገሚው» ይላል።

ክርኑ ላይ እራፊ አለች። ንግሥቲቱ በሞተችበት ሳምንት
ሰማያዊ ክር አልቆባት፣ በቀይ የጣፈችለት፣ በጠማማ ስፌት።
ከዚያ ወዲህ ሞት ሊፈርድ ሲል፣ ማኅተሙ ሰሙን ሳይነካ፣
አውራ ጣቱ በራሱ ሄዶ ያቺን ጠማማ ክር ሲለካ፣
የሚስቱ ጣት ይታየዋል፣ መርፌ የወጋው።
ብዕሩን ያስቀምጣል።
መጣፉ ይኸው ነው። ሌላው የዘንዶ ጭስ ነው።

ምሕረቱ ጋ ሳንደርስ ነው ኦዶን የተኛው፣ ያልተነሳው።

እና ካባው እጄ ሲገባ፣ ማንም ሳያዘኝ ጣፍኩት።
ሰማያዊ ክር በሳጥን ሞልቶ፣ ቀዩን መዘዝኩ፣ አጣመምኩት።
(ሠላሳ አምስት ዓመት ቀጥ አድርጌ ስሰፋ ኖሬ፣
ማጣመም እንዲህ ይከብዳል? ሦስቴ ፈታሁ፣ ሦስቴ ጀምሬ።)

ጀማይማ፣ አለቃችን፣ ከሎንዶን የመጣች፣ ክፉ እንኳ አይደለች፣
ክርኑን በሁለት ጣት አንስታ፣ «ቦርባላ፣ ይኼ ምንድነው?» አለች።
«አሥራ ስምንት ሺህ ዩሮ ካባ! ንጉሥ ይጣፍለታል?»
«መጣፉ ላይ አለ» አልኳት።
«መጣፉማ ይውጣ።»
ደሞዝተኛ ነኝ። መቀስ አነሳሁ።
መጣፉ ወጣ።
ሁለቱም።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በጡረተኛ ዋጋ ሲኒማ ገባሁ።
ዘንዶው መጣ። አቤት! ቅርፊቱ አንድ ባንድ፣
የምላሱ ምራቅ፣ በጥርሱ መሃል የቀረ ክንድ።
መጣፉ ያሳየን ባዶ በረት ነበር፣ በሌሊት የተከፈተ፣
ጭቃ ውስጥ አንድ የላም ደወል፣ ድምፁ የሞተ።
በዚያች ደወል ስንቱን ሌሊት መብራት ሳላጠፋ ተኛሁ፤
ይኼኛው ፊቴ ላይ ሲነድ፣ ፈንዲሻዬን ቆርጥሜ በላሁ።

አርባ ሺህ ጦር ሰልፍ ያዘ፣ ሜዳው ሞልቶ ፈሰሰ፤
አንድ ውሃ የጠማው የለ፣ አንድ አፍንጫው ያፈሰሰ።

መጨረሻ ላይ የጠላት ልጅ፣ እጁን ታስሮ፣ ተንበርክኮ።
ንጉሡ ሰይፍ መዘዘ፤ ከበሮው ጣሪያ ሊነቅል ደርሶ።
ክንዱን አጠፈ። ከወንበሬ ግማሽ ተነሳሁ፤
«አሁን» አልኩ በሆዴ፣ «አሁን ዳስስ!»
ምኑን ይዳስስ?
ክርኑ ልስልስ።

እና ማረው። እንዲሁ። ካሜራው ወደ ዓይኑ ሮጠ፤
እዚያም የሚያገኘው ሲያጣ፣ አንዲት እንባ ላይ ተቀመጠ።
ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ፣ «ለምን ማረው?» አለ ጓደኛውን።
«እንጃ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይነግሩናል ምክንያቱን።»

ዞሬ ልነግረው ነበር። ምን ብዬ?
መቶ ሰማንያ ሚሊዮን ፈስሶ፣ የጎደለው ስንዝር ጨርቅ ነው ብዬ?

ስም ዝርዝሩን ጠበቅሁ። ሴትዮዋ መጥረጊያ ይዛ ገባች።
ከፈረስ ቀላቢዎቹ በታች፣ «ቦባላ» የምትባል ሴት አለፈች።

ቤት ገብቼ የአዝራር ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። እራፊዋ አለች፣
ቀይ ክሯ ዳር ዳሯን እንደተንጠለጠለ።
መጣፉን ከመደርደሪያ አወረድኩ፤ አራት መቶ አሥራ አንደኛው ገጽ፣
እኔና ኦዶን የቆምንበት።
እዚያ አኖርኳት።
አልሰፋኋትም።
ወረቀት መርፌ አይችልም።