የፍሬ ቆጠራ

ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ዉች ከተማ ላይ፣
ከሠላሳ ዓመት ድካም የደረሰኝ ሲሳይ
ይቺ የክር ማያ፣ ትንሽ መነጽር ናት፤
በአንድ ጣት ወርድ ጨርቅ፣ ድርና ማጉን የቆጠርኩባት።

ዛሬ ድርም የለኝ፣ ማግም የለኝ፤
ማታ ማታ ግን ሥራ አለኝ።
ነጭ ወረቀት ዘርግቼ፣ የካፕሱል ሆድ ከፍቼ፣
ከሰናፍጭ ያነሰ ፍሬ በመርፌ ጫፍ ለይቼ፣
የሚስቴን፣ የቦጉሚዋን፣ የነገ ድርሻ እቆጥራለሁ ዛሬ፤
መቶ አርባ ሁለት ነበር፤ ወርደናል እስከ መቶ አሥር ፍሬ።

ትራም ነጂ ናት እሷ።
ከአራት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ጠዋት፣
ፌርማታ ላይ ቆማ፣ በሩን መዝጋት አቃታት።
ተሳፋሪው ጮኸ፤ መስታወቱን መታ፤
እሷ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ ሐዲዱን እያየች፣ ጸጥታ።

መድኃኒቱ አነሣት። አልዋሽም፤ አነሣት፤
ካፖርቷን አስለብሶ ወደ ሐዲዱ መለሳት።
ዋጋው ግን በዱቤ ነበር፣ ኋላ የሚጠየቅ፤
ትራሷ በላብ ሲርስ፣ አፏ ሲደርቅ፣
አልጋችን ላይ ጎረቤት ሆንን፤ ደግ ጎረቤት፣
"እንደምን አደርክ" የሚባባል፣ አጥር የማይሻገር አንድም ሌሊት።

እናቷን ስንቀብር ዓይኗ አልረጠበም።
"ማልቀሱ አለ፣" አለችኝ፣ "ግን እኔ ቤት አይደለም፤
እላይ ፎቅ እንዳለ ቧንቧ፣ ከግድግዳው ማዶ
ሲወርድ እሰማዋለሁ፤ እኔ ጋ ሳይደርስ፣ ሄዶ።"

ታዲያ አንድ ዓርብ "በቃኝ" አለች፤
ፓኮውን እንዳለ ጣለች።
ቅዳሜ ደህና ነበረች። እሑድ አበባ ገዛች።
ሰኞ መብረቁ መጣ።

ሕመም አይደለም፣ ትላለች። ድምፅም አይደለም።
ዓይኗን ወደ ጎን ባዞረች ቁጥር
ጭንቅላቷ ውስጥ ዚዝ!
የትራም ክንድ ብርድ የበላው ሽቦ ሲነካ
ሰማያዊ እሳት እንደሚረጨው፣ እንደዚያ።
"ሃያ ዓመት ከሽቦው ሥር ነዳሁ፤
አሁን ሽቦው በእኔ ውስጥ ያልፋል።"
ወለሉ ጀልባ ሆነባት።
የኮመጠጠ ኪያር ጠርሙስ ግድግዳ ላይ ሰበረች፤
በምን እንደተቆጣች እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።
ሌሊት በሕልሟ የእኔ ፋብሪካ በፈረስ ይሞላል፤
ፈረሶቹ ሹራብ ለብሰዋል።

ወጣቱ ሐኪም "ሕመሙ ተመለሰ" አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።
አሮጊቷ ሐኪም፣ ወይዘሮ ግራዚና፣ ብዕሯን አስቀመጠችላት፤
"እስኪ ልጠይቅሽ፤
ይሄ ሕመሙ ሲመጣ ነው፣ ወይስ መድኃኒቱ ሲሄድ?
ሁለቱም በአንድ በር ያልፋሉ፤ በአንድ መንገድ።"
ወደ ድሮው መጠን መለሰቻት፤ ከዚያ "ቀስ" አለችን፤
እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ነው እንግዲህ ትዕግሥታችን።
በየሳምንቱ ሁለት ፍሬ። አንዳንዴ ምንም።
ሰውነቷ እንቢ ያለ ሳምንት፣ አንድም አንቀንስም።

ትናንት ማታ እጄ ተንቀጠቀጠና አንዷ ፍሬ አመለጠች፤
ከጠረጴዛው ተንከባለለች፣ በወለሉ ጣውላ መሀል ገባች።
ሁለታችንም ተንበረከክን። እኔ በመነጽሬ፣ እሷ በመዳፏ።
ድንገት ቀና አለች፤ ተንቀጠቀጠ አፏ፤
"እናቴ፣" አለች፣ "ቲማቲም ሾርባ ላይ ስኳር ትጨምር ነበር፤
ደብቃ። ማንም እንዳያያት፣ ጀርባዋን ሰጥታ።"
አለቀሰችም፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ልቅሶ፣
እዚያው በጉልበቷ ቆማ፣ እንባዋ አገጯ ደርሶ።

ሐኪሟ ሐሙስ ትጠይቀኛለች፤
"እንባው የመድኃኒቱ ነው፣ ወይስ የራሷ?"
አላውቅም እላለሁ።
መሐረብም አላቀበልኳት።
ፍሬዋን አላገኘናትም።
ደብተሩ ላይ መቶ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።