ስም የሌለው ወጪ

የዳቦ ፋብሪካ በነበረ ቤት ውስጥ፣
ታርቱ፣ ከወንዙ ዳር፣ በረዶው ሲለወጥ
ከነጭ ወደ ግራጫ በመስኮቱ መስታወት፣
እንሠራ ነበር፣ አምስት ሰው ባንድ ቤት።
ሌምቢት ለተሻለ ደሞዝ ሪጋ ሲሄድ፣
አራት ቀረን፤ ወንበሩም ኮት ይሰቀልበት ጀመር እንደ ግንድ።

ደመና ተከራይተን፣ በደመና ስንሠራ፣
የደመናው ዝናብ ግን፣ የሚወርደው በተራ፣
በወር አንዴ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን
ሠላሳ ገጽ ደረሰኝ ዶፉን ሲያወርድብን።
ሂሳብ ያዥዋ ማሬት መነጽሯን አውልቃ
"ይህ ሁሉ ለምንድን ነው?" ትለናለች ተጨንቃ።
እኛም እንደ ተማሪ፣ አቀርቅረን፣ ዝም።
ላለፈ ውሃ ማንም ግድብ አይሠራም።

"ቪልቬ" አለችኝ አንድ ቀን፣ "አንድ ገጽ ሥሪልኝ፣
ገንዘቡ ሲወጣ፣ እየወጣ ሳለ፣ የሚያሳየኝ።"
ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለቷ ነው።
ሠራሁላት። መደቡ ሰማያዊ፣ ዓምዱም ቀጥ ያለ ነው፤
ውስጡ ግን የኔ ቁጥር፣ ከጣቴ የወጣ፣
መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ እያለ የመጣ፤
ቆንጆ ውሸት ነበር፣ ቅርጹ የተስተካከለ፣
ያየው ሁሉ ቆሞ "ግሩም ነው" እያለ።

ከዚያ እውነቱን ልስብ ወደ በሩ ሄድሁ።
ቁልፍ ላክሁ፤ "አልተፈቀደም።" ሌላ ቁልፍ ላክሁ፤
"አልተፈቀደም።" ስሙ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣
መልሱ ግን ያው፣ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ቃል።
ሦስት ቀን ለፍቼ፣ በአራተኛው ምሽት
አንዲት መስመር አገኘሁ፣ ፈቃድ የጎደላት፤
ለማየት እንጂ ለመንካት የማትሆን፣
እንደ ሙዚየም ትኬት። ጨመርኋት እሷን።

ገጹም ነቃ። ቁጥሮቼ እንደ ጉም ተነኑ፤
የእውነት ቁጥሮች መጡ፣ ጎባጣ፣ ያልተቃኑ፤
አሥራ ሰባት ዩሮ ከስድሳ ሦስት ሳንቲም፣
አርባ አንድ ከዘጠኝ፤ አንዱም ድፍን አይደለም።
"ቀጥታ" ይሉታል እንጂ ስምንት ሰዓት ይዘገያል፤
ማታ የሚታየው ጠዋት የወጣ ነው፤ ደብዳቤ ይመስላል።

ከሁሉ ግርጌ ግን አንዲት መስመር ነበረች፣
ስም ያልተሰጣት፣ ጌታ የሌላት፣ የገረጣች።
በቀን ሰማንያ ሳንቲም። ሁልጊዜ ሰማንያ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እረፍት የማታውቅ ሠራተኛ።

"ዝጊያት" አለች ማሬት። "ልክ ነሽ" አልኋት።
ልዘጋት ስል ግን፣ ምን ትሠራለች ብዬ አየኋት።
ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፣
የፔይፕሲን ሐይቅ የበረዶ ውፍረት ትጠይቃለች
(በበጋ ደግሞ ነፋሱን)፣ ወደ አንድ ስልክም ትልካለች፦
"አባዬ፣ ዛሬ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። ከዳር አትራቅ።"
ኮዱ የሌምቢት ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ሲዘነጋ ነው እሱ የሚታወቅ።

ደወልሁ። ያነሳው አንድ ሽማግሌ ሰው፣
ዓሣ አጥማጅ፣ ኤንደል የሚባል፤ ድምፁ ሻካራ ነው።
"ልጄን ታውቂዋለሽ? ሥራ በዝቶበት አይደውልም፣
ሁለት ክረምት ሆነው፤ ግን አንድ ቀን ሳይጽፍልኝ አያድርም።"
ምን ልበል? "አዎ" አልሁ፣ "ጎበዝ ነው" አልሁ፤
ስልኩን ዘግቼ ያችኑ መስመር ደግሜ አየሁ።
የገጹ ቁልፍ ለማየት እንጂ ለመንካት አይደለም፤
የእኔ እጅ ግን ይነካል። ያን ቀን አልነካም።

ለማሬት "ሥራ ላይ ናት" ብዬ አለፍሁ።
ለሌምቢት ደግሞ፣ ያለ ሰላምታ፣ ደረሰኝ ላክሁ፦
ሰባት መቶ ሠላሳ ማለዳ በሰማንያ ሳንቲም ሲባዛ
አምስት መቶ ሰማንያ አራት ዩሮ፤ ልጅነት በዚህ ከተገዛ
ርካሽ ነው።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። ዘጠኝ ቀን፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ።
በአሥረኛው ማታ መልስ መጣ፤
ስለ ገንዘቡ የለበት አንዲት ቃል፦
"በረዶው ዛሬ ስንት ደርሷል?"