ስሙን የሚጠራ

ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሽቦ ተክያለሁ፤
ሰባት ሳንቲ ሜትር፣ በማስመሪያ ለክቼ፣ ሁለቴ ቆርጫለሁ።
የመጀመሪያው ግን የጥፍር ያህል አጥሮ
ወለሉ ላይ ቀርቷል ከጉማጅ ጋር አብሮ።

ነገሩ የመጣው በአንበጣው ዓመት ነው።
መድኃኒት የሚረጭ አንድ አብራሪ ነበር፣ ኮምቦልቻ ያረፈ፣
የጆሮ ማዳመጫው ገመዱ ተቆርጦ በሱቄ ያለፈ።
ካፒቴን ምንተስኖት። ወንበር አልፈለገም፤ ቆሞ ነው ያወራኝ፦
"ዝቅ ብዬ ስበር፣ ከሐረጎ ጀርባ ማን እንደሚመጣ የሚነግረኝ የለኝ።
ፊቴን ነው የማየው፤
ጎንና ኋላዬን ለእግዜር ነው የምተወው።"
ገመዱን ቀጠልኩ፣ ሃያ ብር ከፈለኝ፣ ሄደ እሱማ፣ በቃ፤
ቃሉ እኔ ጋ ቀረ፣ ባለቤቱ መጥቶ እንዳልወሰደው ዕቃ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ፦
ከዲሽ የተረፈ ኬብል፣
ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣
አውራ ጣት የማታህል መቀበያ፣
ሹፌር ይማም በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣልኝ።

የመጀመሪያው ሌሊት ዝም።
ሁለተኛውም ዝም። ካርታው ባዶ፣ ወሎ ወፍ ያልበረረበት።
አንቴናውን ጠረጠርኩ፣ ፈትቼ ገጠምኩት፤
ብየዳውን ጠረጠርኩ፣ ካውያ አግዬ ዳግም ሊድ አጠጣሁት፤
ኬብሉን ለካሁት፣ ደህና ነው። ጭራሹን
ተራራውን ሰደብኩ፣ ጦሳን፣ ግርማችን ያልነውን ራሱን፦
"አንተ ነህ የጋረድከኝ!"
ምን ይመልስ እሱ? ጉሙን ተከናንቦ ከላይ ሆኖ አየኝ።

ጆሮዬን ብሰጠው ድምፅስ አለ፤ ግን ሁካታ፣
እንደ ክረምት ቦርከና ድንጋይ የሚያንከባልል፣ የማያቋርጥ ጫጫታ።
ሦስት ሳምንት አለፈ። ባለቤቴ ከድጃ ትራስ አመጣችልኝ ሱቅ፤
"እዚያው ከሽቦህ ጋር እደር" አለች፣ ከከንፈሯ ሳይርቅ ሳቅ።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ።
ከአየር ማረፊያው እስከ መናኸሪያው ድፍን ጨለማ።
ወፍጮው ቆመ። ፀጉር ቆራጩ ጎረቤቴ
ግማሽ ራስ የተላጨ ደንበኛ ይዞ ይራገማል።
አብሬው ልራገም አፌን ስከፍት
ባትሪ ላይ የቀረው ላፕቶፕ አንድ ነጥብ አበቀለ።
ሁለት።
አምስት።
አንዱ ሠላሳ ስድስት ሺህ ጫማ ላይ፣ ወደ ጅዳ፣
ታናሼን በወሰደው መስመር።

አሳውሮት የኖረው፣ እሱን የማይበት መብራቴ ነበር፤
በሰማንያ ብር የገዛሁት አምፖል፣ ከሽቦው ሥር በስንዝር።
በገዛ ብርሃኔ ሰማዩን ጋርጄ
ጦሳን ከሰስኩት፣ በሐሰት ፈርጄ።

እመት ዘሀራ ክብሪት ሊጠይቁ ገብተው ነጥቦቹን አዩ።
"ምንድን ናቸው?" አሉኝ።
"አውሮፕላኖች። ሲያልፉ 'እኔ ነኝ' ብለው ስማቸውን ይጠራሉ።"
"ሁሉም ይጠራሉ?"
ጣታቸው ስክሪኑን ነካ፣ ስንጥቁ ላይ ቆየ።
"ያን ቀን የመጣውስ? የጓሮዬን ባሕር ዛፍ የላጠው፣
ልጄ ልብስ ስታሰጣ...
ያኔ ይሄ ቢኖርህ፣ ትሰማው ነበር ወይ?"

ሬዲዮ ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመቴ፤ እንዲህ ያለ ብልሽት ሱቄ ገብቶ አያውቅም።
"አይ፣ እመት ዘሀራ" አልኩ፣ "ስሙን ያልጠራውን ይሄ አይሰማም።"

ክብሪቱን ተቀበሉ። ደጁ ጋ ደርሰው ዞሩ፦
"ቢሆንም አትንቀለው።
የሚጠራ ካለ፣ የሚሰማው ይኑር።"

መብራቱ ተመልሶ ሰፈሩ ሲንጫጫ፣ ወፍጮውም ሲነሣ፣
እኔ እጄን ሰድጄ አምፖሌን አጠፋሁ።

የካፒቴኑን ቁጥር አልጠየቅኩትም፤ የትም እንዳለ አላውቅም።
ዝቅ ያለች ነጥብ ከሐረጎ ጀርባ ብቅ ባለች ቁጥር ግን
ካውያዬን አስቀምጬ እነሳለሁ፤
ጎኗንና ኋላዋን አይላታለሁ።