የእርሳስ ዋጋ

አንሙት የእኅቴ ልጅ ከባሕር ዳር መጣ፣
ከቦርሳው ውስጥ አንድ አዲስ ኮሚክ አወጣ፣
በላስቲክ የታሸገ። ገና እጄን ስዘረጋ፣
«አትንካው!» አለኝ፤ «ከተነካ ይወርዳል ዋጋ።»

እኔ የቡሬ ልብስ ሰፊ፣ ባለ አንድ መኪና፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሱሪ ሳጠብ፣ ሳቀና፣
ያልተለበሰ ካፖርት ማንን አሙቆ ያውቃል?
ያልተገለጠ ገጽስ ከማን ጋር ይሳሳቃል?
በመቀሴ ጫፍ ላስቲኩን ቀደድኩት።
(ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሻይ ካስኩት።)

ሦስቴ አነበብኩት። እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ።

ወረቀቱ ከማብረቁ ፊቴን አየሁበት፣
ሥዕሉን ለማየት ገባሁ ጥላ ያለበት።
የጀግናው ጡንቻ በዝቶ አንገት አልተረፈው፣
እንዲህ ላለ ትከሻ ኮት ማን ሊለካ ነው?
በገጽ ሰባት ሞተ፣ በአሥራ ሁለት ተነሣ፣
በሃያ ደግሞ ሞተ፤ ያለቀሰለት ረሳ።
ሞት እንዲህ ከረከሰ እንደ ማታ ገበያ፣
ምን ያስፈራኛል እኔን፣ ከእንግዲህ ወዲያ?

ደግሞ በሥዕልና ሥዕል መሀል ያለች ነጭ መንገድ፣
እሷ ናት ስፌቱ፣ እሷ ናት የምትወስድ፤
ቡጢው ከተሰነዘረ ጥርሱ እስኪወልቅ ድረስ፣
ያለችውን ቅጽበት አንባቢ እንዲጨርስ።
አሁን ግን ሞሏት፤ እሳት፣ ብልጭታ፣ ጭስ፣
«ጓ!» «ድም!» «ጠሽ!» ይሉኛል፤ ደንቆሮ ነኝ ወይስ?

ልክ ነኝ አልልም።
ድሮ የጣፈጠኝ፣ ድሮ ጥርስ ስለነበረኝ ይሆናል።
አንድ ገጽ ደግሞ አለ፣ ልዋሽ አልችልም፦
ዝናብ። በር ላይ ሴት። አንድም ቃል የለም።
ከጥላዋ ብቻ አወቅሁ፣ ሰውዬው እንደማይመጣላት፤
የድሮ ሠዓሊ ይህን አልነገረኝም፣ በስድሳ ገጽ ቃላት።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ከአያ ልየው ሱቅ፣ ከክብሪት ካርቶን በታች፣
በዐሥር ሳንቲም ኪራይ፣ አንዲት ነበረች፤
ሽፋን የላት፣ ቋንቋዋን ማንም አያውቅ፣
(«የጂቡቲ ነው» ይላል ልየው፣ ምንም ሳይሳቀቅ።)
በየሰዉ አፍ ያለውን ፊኛ ለመሙላት፣
ተከራይ በየተራው እርሳስ ይዞ ገባላት፤
የፊተኛው የጻፈውን የኋለኛው ይፍቅና፣
የራሱን ያሰፍራል፣ እርሳሱን ምራቅ ያስነካና።
ከፎቅ የሚወድቀው ባለ ጭምብል ሰውዬ፣
አንድ ሰሞን «እናቴ!» ይላል፣ አንድ ሰሞን «ወዬ!»
አንድ ቀን ግን መሬት ሊደርስ ክንድ ሲቀረው፣
«ጤፍ ኩንታሉ ስንት ገባ?» ብሎ አረፈው።

ለዘመቻ የሄደ ልጅም ነበር። ስሙን አላነሣም።
በመጨረሻው ገጽ፣ ከጀግናው አፍ ሳይሆን ከፈረሱ፣
«የልየውን ሂሳብ ክፈሉልኝ» ብሎ ጻፈ።
ያንን ማንም አልፋቀም።

መጽሐፏ ዛሬ እኔ ዘንድ ናት፣ ከአዝራር ሣጥኑ ሥር።
አንሙት በስልኩ አሰላና፦ «በእርሳስ ባታበላሿት፣ ሀብታም ነበርክ ዛሬ!»
ልስቅ አልኩ፤ መርፌ ነበር በከንፈሬ።

ኅዳር ላይ ስመኝ መጣች፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ ዩኒፎርም ልታስጠብብ፣
የራሷን ኮሚክ ይዛ፦ ፎቶ ኮፒ፣ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ጫፉ የተነከሰ በስቴፕለር።
ዓባይ በረሃን የሚወርድ አውቶቡስ፣ ከደጀን አፋፍ ቁልቁል፣
ፍሬኑ እንደ ጠፋ ሹፌሩ ብቻ ያውቃል።
ቃል በዝቶባታል። «ቁረጪው» አልኳት።
«አልቆርጥም» አለች።
«ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትርፍ ሳይ አውቃለሁ።»
«እኔ የሠራሁት ልብስ አይደለም» አለች።

በር ላይ በክር አንጠለጠልኳት፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ደንበኛ።
በሦስተኛው ቀን ባይ፣ በሹፌሩ ፊኛ፣
የእሷን ንግግር ሰርዞ፣ አንድ ሰው በእርሳስ ጽፏል፦
«ተኙ፤ ምንም የለም። ደርሰናል።»

ስመኝ አየች። ፊቷ ጠቆረ።
«ላጲስ አለዎት?» አለችኝ።
«የለኝም» አልኳት፣
ኪሴ ውስጥ፣ ከጠመኔው ጋር፣ ጨብጬው።