ጉልበቴን

በሰባት ዓመቴ፣ ቀይ መድኃኒት ጠብ ጠብ፤
ሲስተር ረቢያ ናት፦ «ከርከዴ ነው፣ አታስብ»።
አመንኳት። ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ፣
እኔ ግን ተነሣሁ፤ ካንሰሩ ተቀበረ።

ሃያ ሦስት ሞላኝ። ትናንት ሆስፒታል፣ አልጋው ላይ፣
ሐኪሙ ቅባት ቀብቶ ልቤን በስክሪን ሲያይ
ቆየና፦ «ያዳነህ ልብህን አድክሟል፤
ደም ሥርህም» አለ፣ «ካንተ በፊት አርጅቷል።
ጨው ቀንስ። በየዓመቱ ና።»
ብድር በምድር።

ዛሬ ጅረን ዳገት። አባቴ ከፊቴ፣
መጋዘን ለመጋዘን ኩንታል ሲሸከም የኖረው፣
ግማሽ ሳንደርስ ቆመ። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።
«ጉልበቴን» አለ።
ጉልበቱ ደህና ነው።

አጠገቡ አረፍኩ። ከታች የጅማ ቆርቆሮ
ከዝናብ ወዲያ ያበራል።
ዝም ብለን፣ ሁለታችንም፣
ትንፋሼን ጠበቅነው።