ብቸኛ ቁጥር

ጥር ላይ በኦውሉ ፀሐይ ለአመል ያህል ብቅ ትልና
ባሕሩን ሳታሞቅ ትመለሳለች፣ በመጣችበት ጎዳና።
ያን ጊዜ ነበር እኔ፣ ደረጃውን ወርጄ፣
ከሆስፒታሉ ሥር፣ ሰርቨሮቹ ዘንድ፣ ሹራቤን ወስጄ
በዓመት አንድ ሌሊት እዚያው የማድረው፤
አንድ ቁጥር ልፈልግ፣ ሰው ያልቆጠረው።

ብቸኛ ነው ቁጥሩ፤ ከማንም የማይውል፣
በአንድና በራሱ ካልሆነ በስተቀር የማይከፋፈል።
ይህም አይበቃውም፤ አንድ ተነሥቶለት ለሁለት ሲቆረስ
ግማሹም ብቸኛ፣ ግማሹም እንደሱ ለማንም የማይደርስ።
ርዝመቱስ? ስድስት መቶ አሥራ ሰባት አሃዝ፤
በወረቀት ቢጻፍ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ማሽኑ እግር የሚጓዝ።

ትእዛዙን እጽፋለሁ። መፈለግ ይጀምራል።
ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጥብ ይደረደራል፤
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣
አልፎ አልፎ መደመር፣
ደግሞ ነጥብ፣ ነጥብ፤
እንደ በረዶ ነው፣ ያለ ድምፅ የሚዘንብ።
ነጥቡ «ምናልባት» ነው፤ መደመሩ ደግሞ «ቆይ እስቲ ልፈትን»፤
አብዛኛው ይወድቃል። ማሽኑ አይናደድም፣ አይቆጥርም ድካሙን።

«ለምኑ ነው?» አለኝ ፔንቲ አንድ ማታ፣ ነፍሱን ይማረው፣
የዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ፣ አንዷ መነጽሩ ላይ ተለጥፋ ስታሳውረው።
«ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ገበያ መሀል ይጯጯሃሉ፤
ሌባው አጠገብ ነው፤ የሚሉትን ሁሉ ይሰማል በሙሉ፤
ሲጨርሱ ግን ምስጢር አላቸው፣ እሱ ያልደረሰበት።
ቁጥሩ ምስጢር አይደል፤ ሜዳው ነው፣ ሁለቱ የሚቆሙበት።»
«እንደ እኔና አንቺ» አለና ዓሣውን ገለበጠ።
ሌላ አልተናገረም። ሽንኩርቱን ቆረጠ።

ኋላ ታቱ መጣ፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ጆሮው ላይ ቀለበት፤
«ራይሊ፣ ነጥብ ልትቆጥሪ ነው እንዴ የምታድሪበት?»
አሥራ ሁለት መስመር ጻፈ። በወሩ መባቻ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሲሆን
ራሱ ይፈልግ፣ ራሱ ይተካ፣ ራሱ ያስነሣ አገልግሎቱን።
እኔ ቤቴ ተኛሁ።

ሁለት ወር አለፈ። በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ አንባረቀ፤
«ከድንገተኛ ክፍል ነው፤ የደም ምርመራው ገጽ አልከፈት አለ፣ ደረቀ!»
ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። ብስክሌቴን አነሣሁ፤
ጎማው በረዶውን እንደ ቆሎ ሲያደቅ ምድር ቤቱ ደረስሁ።
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። ገና እየፈለገ ነበር።
አሮጌው ግን የለም፤ ሰርዞታል አስቀድሞ፣ አዲሱ ሳይጠረጠር።
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ተረት
በአሥራ ሁለት መስመር ተጽፎ አገኘሁት።

ያምናውን ቁጥር ከመጠባበቂያው መልሼ ተከልሁት፤
ገጹ ተከፈተ። ለነርሷ ደወልሁ፤ «እሰይ» ስትል ሰማኋት።
ታቱ ሲደርስ ኮፍያው ተገልብጦ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ውርጭ ረግቶ፣
በሩ ላይ ቆመ፣ ሰበብ ፈልጎ አጥቶ።
አልተቆጣሁትም። እኔም በሃያ ስድስቴ
የጥርስ ክፍሉን መዝገብ ያጠፋሁ ነኝ፣ በገዛ ጣቴ።
ወንበር ሳብሁለት። ሦስት መስመር ጨመርን፤
አዲሱን በሌላ ስም ይጻፍ፣ ይመርምር፣ እውነት መሆኑን ሲያምን
ያኔ ብቻ ይተካ፤ ካልሆነለት ግን አሮጌው በቦታው ይሰንብት፤
እርጅና ነውር አይደለም፣ ከባዶነት ጋር ሲያወዳድሩት።

ከዚያ ተቀምጠን አየን።
«መቼ ነው የሚያልቀው?»
«እንጃ» አልሁት። «አንዳንዴ ሻይ ሳይቀዘቅዝ፣ አንዳንዴ ሌሊቱን ያነጋል፤
ብቸኛ ሲፈለግ እንዲህ ነው፤ ቀጠሮ የት ያውቃል።»
ሊነጋጋ ሲል ከመስመሩ ጫፍ ኮከቦች ፈሰሱ፣ አራት አምስት፤
ታቱ ጮኸ፣ ቡድኑ ግብ እንዳገባለት።

አሁን ማሽኑ ያውቅበታል። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አልሳተ።
ስልኬም ሌሊት ሌሊት አፉን አልከፈተ።
ነገር ግን በወር መባቻ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ
ዓይኔ ይገለጣል፤ የፔንቲ ትራስ ነው መጀመሪያ የሚያየኝ።
ከመስኮቱ ውጭ፣ ከመንገድ መብራቱ ሥር፣ በረዶው ይወርዳል፤
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ...
መደመሩን ሳላይ እንቅልፍ ይወስደኛል።